ስለት

ውቅያኖሱን «ሰላማዊ» ብለው የሰየሙት
ነሐሴ ሲገባ አጥንቴን አልጠየቁት።
ቫልፓራይሶ ነኝ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣
በቆርቆሮ ቤቴ፣ ከጭጋጉ በላይ።

ሲነጋ እጄ እጄ አይደለም፤ ጠጠር የሞላው ጓንት ነው፣
አንዲት ጣት ለመዘርጋት ሙቅ ውሃ ነው የምለምነው።
ኩባያዬን በሁለት መዳፍ እንደ ጽዋ አንስቼ፣
የበሩን ቁልፍ በክንዴ ገፍቼ፣ የሸሚዜን ትቼ፣
ደጄ ላይ እቀመጣለሁ፤
ከኋላዬ የቀረ ትንፋሼን እጠብቃለሁ።

አርባ ሁለት ዓመት ቢላ ስስል ኖሬ፣
ድንጋዬን በትከሻ፣ ፊሽካዬን በከንፈሬ፣
መቶ ሰማንያ ደረጃ ባንድ ትንፋሽ ወጥቼ
ስነፋው፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት ነበር፤
የሥጋ ሻጩ መጥረቢያ፣ የልብስ ሰፊዋ መቀስ፣
የዓሣ አጥማጁ ካራ
በቅርጫት፣ በገመድ፣ ወደ እኔ ሲፈስ፣
ብረቱ ሲዘፍን፣ ብናኙ አፍንጫዬ ላይ ሲነግስ።

መጀመሪያ አውራ ጣቴ። ከዚያ የእጄ አንጓ። ከዚያ ጉልበቴ።
«ቁርጥማት ነው» አለች ኤርሲልያ ሚስቴ፣
በዘይት አሸችኝ።
ዘይቱ ሳያልቅ እሷ አለቀች።
በዓመቱ ሳሉ መጣ፣ ያለ ጥሪ፣ ያለ ሰላምታ፣
አልጋው ላይ በእሷ በኩል ተኛ ማታ ማታ።

ዶክተር ኦያርሱን ፎቶውን ከመብራቱ ፊት ሰቀለችው፤
የሳንባዬ ግርጌ የማር እንጀራ ይመስላል፣ ማሩን ማን እንደቆረጠው!
«የድንጋዩ ብናኝ ነው?» አልኳት።
«እሱም ረድቶ ይሆናል። ዋናው ግን ዘበኛህ ነው፣
የገዛ ደምህ ዘበኛ፣ ጌታውን ሌባ ያለው።
አንጓህን የደበደበው እሱ፣ ሳንባህ ውስጥም የገባው እሱ፤
አንድ በሽታ ነው፣ ባለ ሁለት ቤት።»
እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባንዱ ቤት ኪራይ ስቃጠል
እሱ ሁለት ሠራ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ውል።

ለአንጓዬ የሚበጀው ክኒን ለሳንባዬ ያሰጋል አሉና
ሐኪሞቹ እንደ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ እኔን ከእኔ ሊያስታርቁ።
አንዱ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ቱቦ አጎረሰኝ፦
«ይንፉ! ይንፉ! ይንፉ!»
ኮረብታ በፉጨት የቀሰቀስኩ ሰውዬ
አንዲት የላስቲክ ኳስ ማንሳት አቃተኝ።
«ጨረሱ?» አለኝ።
«አልጀመርኩም» አልኩት።

በሐዲድ የሚወጣው አሳንሰር ከግንቦት ወዲህ ቆሟል።
ደረጃው አሁን ሦስት አገር ነው፤ በየድንበሩ ቁጭ እላለሁ።
ጉልበቴ «ተነስ» ሲል ሳንባዬ «ቆይ»፣
ሳንባዬ «ተነስ» ሲል ጉልበቴ «ቆይ»፤
ሁለቱ የተስማሙ ቀን ዳቦ እገዛለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዶኛ ፔትሮኒላ፣ ግድግዳ የምንጋራ፣
በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች፦
«ሌሊቱን ስትስል ሰማሁህ፤
ሥራ ጀመረ ብዬ ቢላዬን አመጣሁልህ።»
ፊቷን አየሁ። አልሳቀችም።
ስለቱን በጥፍሬ ፈተንኩ፤ ፀጉር ይቆርጣል፤
እጀታው ላይ የዋጋው ወረቀት ሙጫ ገና አለቀቀም።

ምንም አላልኩም።
ፔዳሉን በደህናው እግሬ ረገጥኩ፤ ድንጋዩ ዞረ፤
ውሃ ጠብ አደረግኩ፤
ብረቱን ግን አላስነካሁም፣ በጣት ስፋት አራቅኩ።
«በደንብ ሰላ» አልኳት።
«እጅህ ዛሬም እጅ ነው» አለች።
ሳንቲሙ ከጣቴ ወደቀ፤ አጎንብሳ አነሳችልኝ፣
ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፣
«ነገ መቀሱን» ብላ ሄደች።

ቀና ብዬ አየር ሳብኩ። እስከ ግማሽ መጣ።
ሳልኩ።
ታች፣ ሁለት መስኮት ተከፈተ።